አንዲት ችካል ስንት ትምህርት ታስተምራለች?

ለዚህ የቤተሰብ ዓምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች መካከል ብልጫውን የያዙት ስለ ልጆች ትምህርት የሚያወሱት ናቸው። ሰሞኑን ከደረሱን አንዱ የተጻፈው በአንዲት የሠራዊት አባል ባለቤት ነው። ልጃቸው 11 ዓመቱ ነው። አባትዬው ከአንዱ የጦር ሠፈር ወደ ሌላው በተዛወሩ ቍጥር ልጁም ደብተሩን ጠቅልሎ እየተከተለ፣ አሁን የሚማርበት ትምህርት ቤት ሦስተኛው ሆኗል። በአንደኛው ያልተጀመረው ምዕራፍ በሌላው አልቆ ይጠብቀዋል። የዘለለው ምዕራፍ ቀጣዩን እየዘጋበት ሄዶ፣ ዛሬ ሒሳብ ሲባል ፊቱን ያዞራል። እናቲቱ ራሳቸው ትምህርታቸውን ያቋረጡት ከ6ኛ ክፍል ነው፤ አባትም ግዳጅ ላይ ናቸው። እንግዲህ የማያውቁትን ነገር እንዴት አድርገው ሊያስተምሩት እንደሚችሉ ይጠይቁናል።

ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። በየጦር ሠፈሩ የሚያድጉ ልጆች ከአቻዎቻቸው የሚለዩበት አንዱ ነገር ይኸው የትምህርታቸው መቆራረጥ ነው። አቅም ያለው አስጠኚ ይቀጥራል፤ የብዙዎቻችን ደመወዝ ግን ከቀለብና ከቤት ወጪ ተርፎ ለአስጠኚ የሚደርስ አይደለም። ስለሆነም ዛሬ ልናወሳ የፈለግነው ገንዘብ ስለማይጠይቅ፣ ከዚያም ይልቅ አስተማሪው መልሱን አስቀድሞ እንዲያውቅ ስለማያስገድድ አንድ የማስተማር ዘዴ ነው። ይኸውም ልጁ አንድን ሥራ ከጥንስሱ እስከ ፍጻሜው በእጁ እየሠራ፣ በሥራው ውስጥ ሒሳቡን፣ ሳይንሱን፣ ጂኦግራፊውንና ቋንቋውን በአንድነት የሚማርበት ዘዴ ነው።

ዘዴው የትናንት ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ባቋቋመው ትምህርት ቤት ልጆች ምግብ እያበሰሉ፣ እየፈተሉና እየሸመኑ፣ እንጨት እየጠረቡ ይማሩ ነበር። ተከታዩ ዊልያም ኪልፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመው ጽሑፍ አሠራሩን «የፕሮጀክት ዘዴ» ሲል ሰየመው። ፊንላንድም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሥርዓተ ትምህርት፣ እያንዳንዱ ተማሪ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ የተለያዩ የትምህርት ዓይነቶችን ባጣመረ ሥራ ውስጥ እንዲያልፍ ደንግጋለች። ስለ ታሪኩ ይህን ካልን ይበቃል። ወደ ጓሯችን እንመለስ።

ለምሳሌነት የመረጥነው ሥራ አንድ ሜትር ርዝመት ያላት ቀጥ ያለች ችካል፣ ሲባጎ፣ ማስመሪያና ደብተር ብቻ ይጠይቃል። ልጁ ችካሏን ሜዳ ላይ ይተክላል። ከመሬት በላይ የቀረው ርዝመት ልክ 100 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ይለካ፤ ከመሬት በታች የገባው አይቈጠርም። ችካሏ እንዳታዘነብል በሲባጎ ጫፍ ድንጋይ አስሮ እንደ ግንበኛ ቱንቢ ያውርድ። መሬቱም ወለል ያለ መሆን አለበት። ውኃ የተሞላ ዝርግ ሳሕን ቢያስቀምጥበት መሬቱ ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ ራሱ ያየዋል። ገና ምንም ሳይለካ ስለ ቀጥታ ማዕዘን ተምሯል ማለት ነው፤ ያውም ማዕዘኑ ከተዛባ ሥራው ሁሉ እንደሚበላሽ አውቆ ነው እንጂ መጽሐፍ ስላዘዘው አይደለም።

ከዚያም ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ 7 ሰዓት ተኩል ድረስ በየ10 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት ያድርግ፤ ርዝመቱንም ከሰዓቱ ጋር በደብተሩ ይመዝግብ። እናት በዚህ ጊዜ የሚጠበቅባቸው አንድ ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ነው፤ ጥላው እጅግ የሚያጥረው በስንት ሰዓት ይመስልሃል? ልጁ ያለ ጥርጥር 6 ሰዓት ይላል። እናትም ምናልባት እንደዚያው ያስቡ ይሆናል። ጠጠሮቹ ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ። በመጋቢት ወር አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ ጥላው እጅግ የሚያጥረው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሰዓታችን የተበላሸ አይደለም። የአገራችን ሰዓት የተቃኘው በስተ ምሥራቅ ኦጋዴንን አቋርጦ በሚያልፈው በ45ኛው የኬንትሮስ መስመር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ መስመር በስተ ምዕራብ 6 ዲግሪ ከሩብ ያህል ርቃ ትገኛለች። ምድር አንዷን ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት ፀሐይ መዲናችን አናት ላይ የምትደርሰው 25 ደቂቃ ዘግይታ ነው። በዚህ ላይ እንደየወራቱ የሚጨመርና የሚቀነስ ጥቂት ደቂቃ አለ። እንግዲህ ማባዛቱን፣ ካርታ ንባቡንና የምድርን ዙረት ልጁ ያገኛቸው በተለያዩ ሦስት ክፍለ ጊዜዎች ሳይሆን በአንድ ቀትር፣ በአንድ ጥያቄ ነው።

አባቶች ፈቃድ በወጣችሁ ጊዜ በዚህ ሥራ ላይ የምትጨምሩት አለ። እኛ በጦር አካዳሚ ሳለን ኮምፓስ በሌለበት ጊዜ አቅጣጫ የምናውቅበትን መንገድ የተማርነው በዚህችው በችካል ነበር። የጥላውን ጫፍ ምልክት አድርጎ ሩብ ሰዓት ያህል መጠበቅ፣ ሁለተኛውን ምልክት ማድረግ፣ ሁለቱን ማገናኘት፤ የመጀመሪያው ምልክት ምዕራብን፣ ሁለተኛው ምሥራቅን ይይዛል። በየምሽጉ ያለ ወታደር ሁሉ ይህን ያውቃል። ለልጁ ያስተማረ ግን ስንቱ ነው? አባት በቤቱ ስለ ግዳጁ የማይናገረው ብዙ ነገር እንዳለ እናውቃለን። ልጁ ግን ከአባቱ ሙያ አንድ ነገር መቅሰም ይፈልጋል፤ ይህ ያለ ችግር ሊሰጠው የሚችል ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሰው ነገር ከሌላ አገር በተቀዳ መጽሐፍ ውስጥ በአብዛኛው አይገኝም። በአውሮፓ ያለ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ቢለካ የቀትር ጥላው ምንጊዜም ወደ ሰሜን ነው። የእኛ አገር ልጅ ግን ጥላው ሲገለበጥ ያያል። አዲስ አበባ ላይ ታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ የአንድ ሜትር ችካል የቀትር ጥላ 64 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ይተኛል። መጋቢት 11 ወይም 12 ቀን፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ፣ ወደ 16 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። ሚያዝያ 5 ቀን አካባቢ ፀሐይ በትክክል አናት ላይ ስለምትቆም ጥላው ችካሏ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞርና እያደገ ሄዶ ሰኔ 14 ቀን ገደማ 26 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ነሐሴ 24 ቀን አካባቢ ዳግመኛ ይጠፋል። ብዙዎቻችን ዕድሜ ልካችንን በዚህች ምድር ስንኖር ልብ ያላልነው፣ ምናልባት ጥላው ወደ ደቡብ ከሚዞርበት ጊዜ እኩሌታውን ክረምቱ በደመና ስለሚሸፍነው ይሆናል። ግንቦት ግን ፀሐይ አለ። ልጃችሁ በግንቦት ቀትር ላይ ጥላው ወደ ደቡብ መዞሩን በዓይኑ ካየ፣ ምድር ዘንበል ብላ ፀሐይን እንደምትዞር መምህሩ ሲያስረዳ እያንቀላፋ አይሰማም።

አባቶቻችንም በጥላ ሰዓት ይቈጥሩ ነበር። ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ የገዛ ራሱን ጥላ በገዛ ራሱ ጫማ እየለካ፣ በወሩ ስንት ጫማ ስንት ሰዓት እንደሚሆን ያውቅ ነበር። እዚህ ላይ ልጁን ልትጠይቁት የምትችሉት ግሩም ጥያቄ አለ፤ ረጅሙ አጎቱና እርሱ በአንድ ሰዓት ጥላቸውን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጫማ ቢለኩ ቍጥሩ ይለያይ ይሆን? ይለካና ይየው። ሁለቱ ቍጥሮች የሚቀራረቡት ረጅም ሰው ጫማውም ረጅም ስለሆነ ነው። በ6ኛና በ7ኛ ክፍል ሬሾና ፕሮፖርሽን እየተባለ ብዙ ልጅ የሚያስለቅሰው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

አሁን ወደ ታላቁ ሥራ እንግባ። ከ2,200 ዓመታት በፊት በእስክንድርያ የኖረው ሊቅ ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ የለካው በጥላ ነበር። በአስዋን፣ ማለትም ከእኛው ተራሮች የሚወርደው የዓባይ ውኃ በሚያልፍባት ከተማ፣ በዓመቱ ረጅም ቀን ቀትር ላይ ፀሐይ የጕድጓድ ውኃን እስከ ታች ድረስ ታበራለች ይባል ነበር። በዚያው ቀን በእስክንድርያ ግን ጥላ አለ። ማዕዘኑ የክብ አንድ ሃምሳኛ ሆኖ አገኘው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 5,000 ስታዲያ ስለተባለ በ50 አባዝቶ 250,000 ስታዲያ አለ። የዚያ ዘመን ስታዲያ በዛሬ መለኪያ ስንት እንደሆነ ሊቃውንቱን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የዘዴው ትክክለኛነት ግን አላከራከረም።

እኛም ይህን በአገራችን ልንሠራው እንችላለን፤ ጎንደርና አርባ ምንጭ ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ሁለቱም በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ለማለት ይቻላል፤ አንደኛዋ በሌላዋ ትክክል በስተ ሰሜን ትገኛለች። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ቀን የአንድ ሜትር ችካል የቀትር ጥላ በጎንደር 22 ሴንቲ ሜትር፣ በአርባ ምንጭ 10 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ልጁ ይህን በወረቀት ላይ አሳንሶ ይሥራው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ያለ መስመር ለችካሏ፣ 2.2 ሴንቲ ሜትር የተጋደመ መስመር ለጥላው። ጫፎቹን ያገናኝና አናቱ ላይ ያለውን ማዕዘን በፕሮትራክተር ይለካ። ለጎንደር 12 ዲግሪ ተኩል ያህል፣ ለአርባ ምንጭ 6 ያህል ያገኛል። ልዩነቱ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። በካርታ ላይ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክቶ በመለኪያው ቢያሰላ 730 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። 360 ዲግሪ በ6 ተኩል ሲካፈል 55 ይሆናል። 730 በ55 ሲባዛ 40,150 ይመጣል። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

መጀመሪያ ሲለካ እንዲህ አምሮ ይወጣለታል ብለን አንዋሽም። የጥላው ጫፍ ደብዛዛ ነው፤ ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ሰፊ ክብ ስለሆነች የአንድ ሜትር ችካል ጥላ ጠርዝ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይዋልላል። በአንደኛው ቦታ የአንድ ሴንቲ ሜትር ስሕተት ቢፈጠር የምድር ዙሪያ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይዛባል። ልጁ 36,000 ወይም 44,000 ቢያገኝ አትቈጡት፤ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ፈልግ በሉት። ችካሏ ዘንብላ ይሆን? መሬቱ ወለል አልነበረ ይሆን? በእኛ አስተያየት ከሥራው ሁሉ ይህ ክፍል ይበልጣል። የሒሳብ መጽሐፍ መልሱን ከኋላው ይዞ ስለሚመጣ፣ ልጅ ስሕተቱን የገዛ እጁ ፍሬ አድርጎ መመርመርን አይማርበትም።

እዚህ ላይ ለሠራዊቱ አባላት አንድ ማሳሰቢያ እናክላለን። የቀትር ጥላ ልክ ቦታን ይናገራል። ከላይ እንዳየነው ቀኑንና የጥላውን ርዝመት የያዘ ሰው ለካው የት እንዳለ ከሰሜን ወደ ደቡብ በመቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ልዩነት ሊያውቅ ይችላል፤ ሰዓቱ ከተጨመረ ደግሞ የምሥራቅና የምዕራቡም ይገመታል። ስለዚህ ግዳጅ ላይ ያላችሁ አባቶች ከምሽጋችሁ ለክታችሁ ለልጃችሁ ቍጥር አትላኩ፤ በደብዳቤም ሆነ በስልክ። የልጁ ሁለተኛ ለኪ በታወቀ ከተማ የሚኖር አክስት ወይም አጎት ይሁን። እናንተ ጥያቄ ላኩለት። ለምሳሌ ሁለት ሜትር ችካል ብትተክል ጥላው ስንት ይሆናል ብላችሁ ብትጽፉለት፣ ምሥጢር ሳታወጡ የልጃችሁን አንድ ቅዳሜ አብራችሁት ትውላላችሁ።

ዘዴው ለችካል ብቻ አይደለም። ማድ ቤት ውስጥ የእንጀራ ሊጥ አለ። ስንት ጣሳ ጤፍ ስንት እንጀራ ይወጣዋል? የእንጀራው ዓይን ከምን የመጣ ነው? እርሾ የገባበትን ሊጥ በጠርሙስ አድርጎ አፉ ላይ ፊኛ ማሰር፣ አንዱን ጠርሙስ ከምድጃው አጠገብ፣ ሌላውን ከቀዝቃዛ ጥግ ማስቀመጥ ነው። ፊኛውን የነፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የእንጀራውንም ዓይን ያወጣው እርሱ ነው። ሹፌር የሆነ አባት የነዳጅ ፍጆታን፣ መካኒክ ጥርስና ጥርስ እንዴት ፍጥነት እንደሚለዋወጡ፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ደግሞ ገቢና ወጪ ምዝገባን ያስተምራል።

ይሁን እንጂ ሥራ ሁሉ ትምህርት አይደለም። በዚህ ረገድ ከታንዛኒያ የሚገኝ ልምድ አለ። ፕሬዝዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ እ.ኤ.አ. በ1967 «ትምህርት ለራስ መቻል» በተሰኘው ጽሑፋቸው ትምህርት ቤቶች የየራሳቸው እርሻ እንዲኖራቸው፣ ተማሪዎችም በሚሠሩት ሥራ ላይ አብረው እንዲወስኑ አሳስበው ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። በአያሌ ትምህርት ቤቶች ግን የሆነው ሌላ ነው፤ ተማሪው ዶማ ተሸክሞ ወጣ፣ ቆፈረ፣ ተመለሰ። ምን እንደሚዘራ የወሰነው መምህሩ፣ ሒሳቡን የያዘው ጽሕፈት ቤቱ ሆነ። እርሻውና መማሪያ ክፍሉ ሳይገናኙ ቀሩ። በጦር ሠፈር የምንኖር ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ለምን እንደሚቆፍር ተነግሮት የሚቆፍር ወታደርና እንዲያው ቆፍር የተባለ ወታደር አንድ ዓይነት ምሽግ አይቆፍሩም።

ስለዚህ ልጁ ካልጠየቀ፣ ካልገመተ፣ ካልለካና በራሱ እጅ ካልጻፈ ችካል መትከሉ የጉልበት ሥራ ሆኖ ይቀራል። በተለይ መጻፉን አደራ እንላለን። በሥራው መጨረሻ ምን እንደሠራ፣ ምን ጠብቆ ምን እንዳገኘ አንድ ገጽ ይጻፍ፤ ለአባቱም ይላክ። የአማርኛ ድርሰት ትምህርቱም ይኸው ነው። ሌላም አለ፤ ወንዱ ልጅ ሲለካ እኅቱ ውኃ እየቀዳች እንዳትቀር። ይህን ስንል በየግቢው የምናየውን እያሰብን ነው።

አንዳንድ ወላጆች ይህ ሁሉ የጨዋታ ጊዜ ነው፣ ፈተና የሚመጣው ከመጽሐፍ ነው ይላሉ። ፈተናው ከመጽሐፍ መምጣቱ እውነት ነው፤ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተና ችካል አያስተክልም። እኛም የማባዛት ሰንጠረዥ በቃል መጠናት የለበትም ከሚሉት ወገን አይደለንም። 7 በ8 ስንት እንደሆነ ለማወቅ ጣቱን የሚቈጥር ልጅ 730ን በ55 እስኪያባዛ ፀሐይ ትጠልቃለች። ተኳሽ ርቀት ሲገምት መጽሐፍ እንደማይገልጥ ሁሉ፣ አንዳንድ ዕውቀት በቃል ሊያዝ ግድ ይላል። በሳምንት አምስቱን ቀን መጽሐፉን ያጥና። እኛ የምንጠይቀው ቅዳሜን ነው። በተለይ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ለሚንከራተት ልጅ፣ መምህሩና መጽሐፉ ሲለዋወጡበት ያችው አንዲት ደብተርና ያችው አንዲት ችካል አብረውት መዛወራቸው ቀላል ነገር አይደለም። በአዲሱ ሠፈር መጀመሪያ የሚሠራው ነገር ጥላውን ለክቶ ከቀድሞው ጋር ማነጻጸር ቢሆን፣ ዝውውሩ ራሱ ትምህርት ይሆንለታል።

ለመጪው መጋቢት በየከተማው ያሉ ልጆች አብረው እንዲለኩ አስበናል። መጋቢት 11 ቀን የአንድ ሜትር ችካላችሁን የቀትር ጥላ ለክታችሁ የከተማውን ስም፣ የልጁን ዕድሜና ክፍል፣ የጥላውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር፣ እንዲሁም ጥላው እጅግ ያጠረበትን ሰዓት ጽፋችሁ ለዚህ ዓምድ ላኩልን። የክፍሉን ስምና ቍጥር አትጻፉ። የደረሱንን ልኮች በሠንጠረዥ እናወጣቸዋለን፤ ልጆቹም ከመካከላቸው ሁለት ሁለት ከተማ እየመረጡ የምድርን ዙሪያ ያስሉ። ሰማዩ ደመናማ ከሆነ በማግሥቱ መለካት ይቻላል፤ ነገር ግን ጥላው በአንድ ቀን ውስጥ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚለወጥ፣ የተለካበት ቀን የትኛው እንደሆነ ሳትጽፉ አትላኩ።